ሞተሩ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣው እሑድ

ገዢው ሊብሬውን ጃኬቱ ውስጥ ከተተ፣ ትርፍ ቁልፉን ከእጄ ተቀበለና ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረገጠው። ተነሣ። ለእኔ በጠዋት ብርድ ሦስት አራቴ ካልተረገጠ የማይነሣው ሞተር ለማያውቀው ሰው በመጀመሪያው ርግጫ እሺ ማለቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከግቢ ወጥቶ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁት። ፍሬቻ እንኳ አላሳየም።

ልጃችን ያን ጊዜ የስምንት ወር ነበረች። ሽጥ ብሎ ያስገደደኝ የለም። አንድ ቅዳሜ ከሱሉልታ ስመለስ ከፊቴ የነበረ አይሱዙ ድንገት ቆመ፤ እኔም ከኋላው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆምኩ። ቤት ገብቼ ልጄን ሳቅፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ብርድ ነው» አልኳት። ከአይሱዙው ይልቅ የከበደኝ ይህ ውሸት ነው። በወሩ ሸጥኩት።

ሽያጩ ከባድ አልነበረም። የከበደው ቀጥሎ የመጣው እሑድ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓት ነቃሁ፣ ሁለተኛ ቡና ጠጣሁ፣ የማይላላ ብሎን ሳይቀር አጠበቅኩ፣ እስከ ምሳ ድረስ ስልኬን ስነካካ ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴን በማይረባ ነገር ተቆጣኋት። ይህ መመሪያ ለዚያ እሑድ ነው። (አሽከርካሪ ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ «አንተ» እያልኩ የምጽፈው ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የማወራ ስለሚመስለኝ ነው።)

መጀመሪያ ሽያጩን ጨርስ

ይህ ስለ ትርፍ ጊዜ አይደለም፣ ግን ካልጨረስከው የትርፍ ጊዜህን ይበላዋል። ብዙ ሰው ሞተሩን በውክልና ሸጦ ስም ሳያዛውር ይተወዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ተጠያቂ ነው፤ የነዳው ሌላ ሰው መሆኑ ብቻውን አያድነውም። ሊብሬው በስምህ እስካለ ድረስ በማታውቀው መንደር የማታውቀው ልጅ በአንተ ስም ይነዳል ማለት ነው። ከገዢው ጋር አብረህ ሂድ፣ ስሙ ሲዛወር በዓይንህ እይ፣ ኮፒውን ይዘህ ተመለስ።

የጠፋብህን በስሙ ጥራው

አሁን ወረቀት ያዝ። በሞተር ካሳለፍካቸው ቀኖች መካከል ሦስቱን ብቻ ጻፍ። ፎቶ የተነሣህባቸውን አይደለም፤ ጥርስህን ስትቦርሽ ወይም ታክሲ ስትጠብቅ ሳታስበው ትዝ የሚሉህን። በእያንዳንዱ ሥር ሦስት ነገር ጨምር፦ እጅህ ምን ይሠራ ነበር? ማን ነበር ከጎንህ? ምን ይሸትህ ነበር?

የእኔ ሦስቱ እነዚህ ናቸው። አንዱ ጎሐ ጽዮን ላይ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳችን በፊት፣ ጉም ሸለቆውን ሞልቶት ድልድዩ ያለበት ሳይታይ፣ ጓንት አውልቄ እጄን በትኩስ የሞተር ጭንቅላት ስሞቅ። ሁለተኛው ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ደጃፍ፣ ካርቡራተር ፈትቼ በቤንዚን በተሞላ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ሳጥብ። ሦስተኛው ጫንጮ፣ ብዙ ከማያወራ ጓደኛዬ ጋር ሻይ ይዘን ከብት ሲያልፍ ስናይ።

ይህን ጽፌ ሳነበው ደነገጥኩ። በሦስቱም ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። እኔ ለዓመታት የምወደው ፍጥነት ነው ስል ኖሬአለሁ፤ ለባለቤቴም እንደዚያ ብዬ ነው የተከራከርኳት። የወደድኩት ግን ማለዳ ከቤት መውጣትን፣ ብረት መፍታትንና ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥን ኖሯል። ሦስቱም ያለ ሞተር ይገኛሉ።

ያንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ በእውነት ፍጥነቱን ነው የሚወደው። አንዳንዱ ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ይህም ነውር የለበትም፣ ብቻ ለራስህ እመን። ሌላው በመሪው ላይ እያለ የቢሮውን ነገር ማሰብ ስለማይችል ነው፦ ጉድጓዱ፣ አሸዋው፣ ድንገት የሚከፈተው የሚኒባስ በር አእምሮውን ይሞሉታል። እንዲህ ያለው ሰው በእግር ጉዞ ይሰለቻል፤ አእምሮው መንገድ ላይ ሳለ ወደ ቢሮ ይመለስበታል። ለእሱ ስሕተት ሲሠራ ወዲያው የሚታወቅበት ነገር ነው የሚሻለው፤ መጋዝ፣ ዋና፣ የክራር ክር።

ይህን ሳትጨርስ ምንም አትግዛ። እኔ ሳልጨርስ ገዝቼ ምን እንደሆንኩ ከታች ታየዋለህ።

ሰዓቱን ከቤት ጋር ተደራደር

ሞተር ገንዘብ እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን፦ ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ የዓመቱ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። የአንድ ዓመቱን ደምረህ ለአሥራ ሁለት አካፍለው። ከሚወጣው ውስጥ ምን ያህሉ ለቤት፣ ምን ያህሉ ለአዲሱ ነገር እንደሚሆን ከባለቤትህ ጋር ተቀምጣችሁ ወስኑ። ደብቀህ የምታወጣው ብር ኋላ ከሞተሩ የባሰ ጠብ ያመጣል።

ዋናው ግን ሰዓት ነው። ሞተሩን ስሸጥ ለቤተሰቤ ብዬ ነው ያልኩት። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ገዛሁ፤ እሑድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቼ ለምሳ እመለስ ጀመር። አራተኛው እሑድ ላይ ባለቤቴ ልጃችንን እያጠበች ቀና ሳትል «ሞተር ሸጠህ እግር ገዛህ እንጂ ምን ተለወጠ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አደጋው ቀንሷል፣ የእኔ አለመኖር ግን እንደነበረ ነው።

ስለዚህ የሳምንቱን ሰዓት በሐቅ ቁጠር። ትንንሽ ልጆች ላሉት ሰው የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው፦ ልጆች ከተኙ በኋላ ያለው አርባ ደቂቃ ገደማ፣ እና በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት የሚሆን ጠዋት። ከዚህ በላይ የሚጠይቅን ነገር አሁን አትጀምር። አሣ ማጥመድ ደስ ይላል፣ ግን ባቦጋያ ወይም ዝዋይ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይወስደዋል።

ለራስህ ሁለት ሰዓት ስትወስድ ለእሷም ሁለት ሰዓት ስጥ። ልጅ ይዘህ፣ ስልክ ሳትደውልላት፣ «ጡጦው የት ነው?» ሳትል። እኛ ቤት ቅዳሜ ጠዋት የእሷ ነው፣ እሑድ ጠዋት የእኔ። ይህ ስምምነት ከተገኘ ወዲህ ለምወጣባት ሰዓት ይቅርታ መጠየቅ አቁሜአለሁ።

እንደ ጎደለህ ምረጥ

መንገድ ለጎደለው ብስክሌት ነው። ይህን ስል አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርህ፦ ሞተር የተውከው በአደጋ ፍርሃት ከሆነ፣ በቀለበት መንገድ ከሲኖትራክ ጎን በብስክሌት መሄድ ያንኑ አደጋ ነው፣ ያውም ያለ ሞተር። ሰዓትና ቦታ ምረጥ። አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መሄጃ የተሠራላቸው መንገዶች አሉ፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ለመኪና ዝግ በሚያደርጋቸው ቀኖች ደግሞ ልጅህን ይዘህ መሀል አስፋልት ላይ ትነዳለህ። በቀረው ጊዜ እሑድ ከአንድ ሰዓት በፊት ከተማው ያንተ ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ የምትኖር ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለለው፤ ሜዳው ከድሮም ለብስክሌት ነው፣ አጎትህም ነድቶበታል።

ከሞተር የመጣ ሰው ብስክሌት ላይ ሲወጣ ብዙ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው። መንገድ ማንበብ ታውቃለህ። ዓይንህ ጉድጓዱን ሳይሆን የምትሄድበትን እንዲያይ ተለማምደሃል። የማታውቀው ዳገትን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 3,200 ይደርሳል፤ ልዩነቱን ድሮ እጅጌ በማዞር ነበር የምታልፈው። አሁን ልብህ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያውን ወር ሜዳ ሜዳውን ሂድ።

ያገለገለ ብስክሌት ስትገዛ እንደ ሞተር ገዢ ሁን። ብየዳው ባለበት ቦታ ሁሉ ስንጥቅ ፈልግ። ሁለቱን ጎማ ከመሬት አንሥተህ አሽከርክር፤ በፍሬኑ መሀል እየተወላገደ የሚዞረውን ተወው ወይም ዋጋ አስቀንስ። ፔዳል የተያያዘበትን ክንድ ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ ተረከዝህን ከታች ባለው ፔዳል ላይ ስታደርግ እግርህ ቀጥ ማለት አለበት። ከተማችን ውስጥ ጉልበቱ ከደረቱ ጋር እየተጋጨ የሚነዳ ሰው የበዛው ይህን የነገረው ስለሌለ ነው። የሞተር ሄልሜትህን ለብስክሌት አትጠቀም፤ ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ ያፍንሃል፣ ሰሚም አትሆንም።

አርአያ ከፈለግህ ከቅርብ አለልህ። የመቐለው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ለበሰ። የእኔ ልጅ የሁለቱንም ስም ታውቃለች፤ ዘመዳሞች ይመስሏታል።

ከመንዳቱ ይልቅ እኔን የያዘኝ ግን ጥገናው ነው። ባለቤቴ «ምን ተለወጠ?» ካለችኝ በኋላ ብስክሌቱን ለመሸጥ አስቤ ነበር። በዚያው ሳምንት የጎረቤት ልጅ የተነፈሰ ጎማ ይዞ መጣና ጎሚስታው ዘንድ ከመላክ እኔው ልሞክር አልኩ። እንዲህ ነው የሚደረገው። ጎማውን ፍታና ካላማዳሪያውን አውጣ። ትንሽ ንፋስ ሞልተህ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየነከርክ አዙረው። አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ልጅ ይፈልግ፤ ከአዋቂ ዓይን የልጅ ዓይን ይፈጥናል፣ ጩኸቱም ለብቻው ደስታ ነው። ቦታውን በእስክሪብቶ ክበብና በደንብ አድርቅ። በብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ፈግፍገው። ማስቲሽ በስሱ ቀባ፤ ከዚያ ጠብቅ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እርጥብ ሳለ ይለጥፈዋል። ጣትህን ስታስነካው የማይይዝህ ሲሆን ነው መለጠፊያውን አድርገህ በአውራ ጣትህ አጥብቀህ የምትጫነው። ጎማውን ከመመለስህ በፊት ውስጡን በጣትህ ቀስ ብለህ ዳስስ፤ የበሳው ሚስማር ወይም እሾህ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቅሃል። ልጁን የላክሁት በሃያ ደቂቃ ነው። ለካ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ያጣሁት ቤንዚኑን ሳይሆን ይህን ኖሯል። አሁን ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች ብስክሌት በረንዳዬ ላይ እፈታለሁ፤ ካቻቢቴው፣ ፒንሳውና ቁልፉ ከሞተሩ ጊዜ የተረፉኝ ናቸው። ለድካሜ የምቀበለው አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ማየት አለበት።

እጁ ሥራ ለናፈቀው ሰው ሌላው በር እንጨት ነው። ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም፦ አንድ ደኅና መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ሜትርና ስኳድራ። ሞርሳ በኋላ ትገዛለህ። ዋንዛ የቤት ዕቃ ንጉሥ ነው፤ ይላጋል፣ ቀለሙም ያምራል፣ ግን ውድ ነውና ለመማሪያ አታበላሸው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ልብህን ይሰብረዋል። ለጀማሪ የሚሻለው ዕቃ የመጣበት የፓሌት ጣውላ ነው። ሚስማሩን አንድ በአንድ ንቀል፣ አንዱ ከቀረ መላጊያህን ይጎርደዋል።

የመጀመሪያ ሥራህ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይሁን። ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም፤ አራት እግር ያለውን ስትሠራ ግን አንዱ ሁልጊዜ ያጥራል፣ ያጠረውን ለማስተካከል ሌሎቹን ስትቆርጥ በርጩማው መከዳ ያክላል። እኔ ላይ ደርሷል። ኮንዶሚኒየም የምትኖር ከሆነ መዶሻውን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት አስቀምጥ፤ መፈግፈግና ቀለም መቀባት ለማታ ይቆይ።

ማለዳ ከቤት መውጣት የናፈቀው፣ ጉልበቱ ግን ለብስክሌት እሺ ያላለው፣ ይራመድ። ልጅህ ዓመት ካልሞላት በአንቀልባ እዘላት፤ አባት አንቀልባ ሲያዝል ሰው ዞር ብሎ ያያል፣ የድሮ ሞተርህንም ዞር ብለው ያዩት ነበር። እንጦጦ ቅርብ ነው። ወጨጫና የረር ለበረታ እግር ናቸው፤ ከከተማ ራቅ ወዳለው ከመሄድህ በፊት የአካባቢውን ሰላም ጠይቅ፣ ብቻህንም አትሂድ።

ለተራማጅ አንድ ነገር ልጨምር፦ ወፍ ተመልከት። ስቀሃል፣ እኔም ስቄ ነበር። በሞተር ስትሄድ አገሪቱን በጆሮ አታውቃትም፤ ማርሚታው ሁሉን ይውጠዋል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ያ ትልቅ ቁራ፣ ቄራ አካባቢ በየቀኑ የምታልፈው፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም የለም። በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ግድብ ዳር በጠዋት ከደረስክ ክንፈ ሰማያዊውን ዝይ ልታይ ትችላለህ፤ እሱ ደግሞ የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት እስከ መጋቢት ገደማ እዚህ ይከርማሉ። የሚያስፈልግህ አንድ አቅራቢ መነጽርና ደብተር ነው። መንገድና ርቀት ለሚወድ ሰው እነዚህ ወፎች የሚመጡበትን ማሰብ ብቻውን ይበቃዋል።

ሰዎቹ ለናፈቁት መድኃኒቱ ሌላ ነው። ጓደኞቼ እሑድ እሑድ እየተጠራሩ ሲወጡ ስልኬ መጥራት አቆመ፤ ክፋት አልነበረም፣ የሚያገናኘን ነገር ስለቀረ ነው። እኔ ጠብቄ ተቀየምኩ። ሞኝነት ነበር። አንተ ቀድመህ ጥራ፦ በወር አንድ ጊዜ፣ ሞተር ላላቸውም ለሌላቸውም፣ ቤትህ ቁርስ። ፍርፍር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ሞተር ማውራቱን አይተውም፣ ግን ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ያ ብዙ የማያወራው ጓደኛዬ አሁንም አያወራም፤ ልጄ ግን ጭኑ ላይ ትተኛለች።

ንብ ማነብ የሚያምርህ ከሆነ፣ ገጠር ግቢ ከሌለህና ልጅህ ትንሽ ከሆነች ተወው። የእኛ አገር ንብ ቁጡ ነው፣ ጎረቤትም አለ። የቪዲዮ ጌም ለአርባ ደቂቃ ብለህ ትገባና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትወጣለህ። ሩጫ ጥሩ ነው፤ ስለ እሱ የሚነግርህ ሰው በዚህ አገር አይጠፋም።

ለክረምት ሁለተኛ ያዝ

ከሰኔ እስከ መስከረም ብስክሌቱም ጫካውም ይዘጋል። በሞተር ጊዜ ክረምት መፍታትና ማጠብ ነበር፤ አሁንም የቤት ውስጥ ነገር ከሌለህ በነሐሴ መሀል የሽያጭ ማስታወቂያ ስታገላብጥ ራስህን ታገኘዋለህ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

እኔ ክራር ጀመርኩ። አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጅ አይቀሰቅስም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፦ አራቱን ቅኝት ጆሮ እስኪለይ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ፤ አንቺሆዬ እስካሁን ያመልጠኛል። ካርቡራተር ያስተካከለ ሰው ክር ማጥበቅና ማላላት ይገባዋል። ሩብ ዙር ብዙ ነው፣ ከዚያ ያነሰ ትንሽ ነው፣ በመሀል የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ ይቀመጣል።

ከሰው ጋር መጫወት ለሚወድ የአገራችን ሰንጠረዥ አለለት። ከዛሬው ቼዝ የሚለየው መጀመሪያው ላይ ነው፦ አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እኩል፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። ፍጥነት የናፈቀው ሰው ይህን ከልጁ ጋር ይሞክር፤ ይሸነፋል።

ስድስት ሳምንት ሳትገዛ ሞክር

የሞተር ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ነገሩን ሳይጀምር ዕቃውን ይገዛል። ጃኬት፣ ጓንት፣ ቦት ቀድመው ይመጣሉ። አዲሱን ነገር ለስድስት ሳምንት በብድር፣ በኪራይ ወይም በአሮጌ ዕቃ ብቻ ሥራ። መጋዝ ከአናጺ ጎረቤት፣ ክራር ከዘመድ፣ ብስክሌት ከወንድም። በየሳምንቱ መጨረሻ ለራስህ ሁለት ጥያቄ ብቻ፦ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ እሱ ሄድኩ ወይስ ራሴን ጎተትኩ? ስመለስ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ? ሁለተኛውን ባለቤትህ ትመልስልህ፤ ከአንተ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት የሚሰለችህን ወዲያው አትጣለው፣ ያ ሳምንት ሁሉም ነገር የሚሰለችበት ነው። በስድስተኛው አሁንም የምትጎተት ከሆነ ግን ዕቃውን አመስግነህ መልስ።

ልጅህን አስገባ ወይስ አታስገባ? እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ሁሉንም ነገር ከልጅ ጋር ማድረግ አለብህ የሚሉ አሉ። እኔ ጎማውን ከልጄ ጋር እለጥፋለሁ፣ ክራሩን ግን ብቻዬን ነው የምይዘው። አባት በሩን ዘግቶ በመጥፎ ድምፅ አንድ ነገር ሲለማመድ ልጅ ብትሰማ አይጎዳትም።

ስልኩ ሲጠራ

አንድ እሑድ ጓደኛህ ይደውላል። «ትርፍ ሞተር አለኝ፣ ደብረ ሊባኖስ ደርሰን እንመለስ።» ያን ቀን ውሳኔ አትጀምር፤ መልሱን ከሽያጩ ሳምንት ጀምሮ ከባለቤትህ ጋር አዘጋጅተህ ጠብቀው። እኛ ቤት መልሱ «አይ» ነው። እንደ እኔ ሳይሆን «በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቀን፣ ሙሉ ልብስ ለብሰህ» ያሉ ባልና ሚስት አውቃለሁ፤ እስካሁን ተስማምተው ይኖራሉ። የሚጎዳው ያልተነገረ ፈቃድ ነው፦ «ጓደኛዬ ዘንድ ነኝ» ብሎ ወጥቶ የቤንዚን ሽታ ይዞ መመለስ። ያኔ እንደገና «ብርድ ነው» ልትል ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አዲስ አበባ ላይ የሞተር እንቅስቃሴ ሲገደብ ከፈቃዳቸው ውጭ ያቆሙ ብዙ ናቸው። ከእነሱ ጋር ሳወራ የገባኝ፣ ራሱ ወስኖ ያቆመ ሰው ስልኩ ሲጠራ ቀለል ይለዋል። የተከለከለ ሰው አሁንም ከከለከለው ጋር ይሟገታል። ስለዚህ «ባለቤቴ አስቆመችኝ» እያልክ ለሰው አታውራ። እውነት ቢሆን እንኳ።

ዕቃውን አትቅበረው

ቁም ሣጥን አናት ላይ የተቀመጠ ሄልሜት በየማታው ያይሃል። ጓንቱን አስቀር፤ ለእንጨትም ለብስክሌትም ያገለግላል። መፍቻዎቹን በሙሉ አስቀር። ጃኬቱን ለሚነዳ ሰው ስጥ፣ ክረምት ሳይገባ። ሄልሜቱን ግን ለማንም አትስጥ፣ በተለይ አንዴ ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ። ውጩ ደኅና መስሎ ውስጡ ያለው ድንጋጤ የሚውጠው ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አያድንም፤ ሳይወድቅም በዕድሜ ይደክማል።

የእኔን ባለቤቴ ወሰደችው። ፎሙን አውጥታ፣ ሥሩን በትኩስ ካቻቢቴ በስታ፣ አፈር ሞላችና ጤና አዳም ተከለችበት። ፊት ለፊት መስተዋቱ አሁንም ይከፈታል፤ ልጃችን ውሃ ስታጠጣ ከፍታ፣ ስትጨርስ ቀስ አድርጋ ትዘጋዋለች።